ከችካሉ ስምንት እርምጃ በታች

ከዙሪክ ወደ ጄኔቫ በሚሄደው ባቡር ውስጥ አምሃ ሠንጠረዥ ዐሥራ አራትን ለስድስተኛ ጊዜ ደመረው። ስድስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። የተጠየቁ ገበሬዎች ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፤ የተሠራላቸው እርከን በቦታው ያልተገኘ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ። ከመቶ ስልሳ ሁለት ግድም መሆኑ ነው። ሂሳብ ልክ ሆኖ ሰውን የሚያሳዝንበት ጊዜ አለና ይኸኛው አንዱ ነበር።

ወረቀቱን አጥፎ በመስኮቱ ተመለከተ። ባቡሩ ከዋሻ ሲወጣ ሐይቁ ከታች ተዘረጋ። ከውሃው ዳር እስከ ሐዲዱ ድረስ የወይን ማሳ በድንጋይ ካብ ላይ ካብ ተደርድሮ ወጥቷል። አምሃ በዚህ ባለፈ ቁጥር ካቦቹን ይቆጥራል። «እነዚህስ አላፈረሱትም» ይላል በልቡ፣ እያደነቀም እየቀናም።

የእሱ ካቦች ያሉት ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ሸክላ በር የሚባል ተፋሰስ ላይ ነው። ከእርሻ ኮሌጅ እንደወጣ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግና የውሃ ልክ ይዞ በዚያ ተራራ ላይ መስመር ያወጣው እሱ ነበር። እሱ ችካል ይተክላል፤ ገበሬው የምግብ ለሥራ ስንዴ እየተሰፈረለት በችካሉ መስመር ድንጋይ ይክባል። ሥራው ሲያልቅ ከማዶ ጉብታ ላይ ሆኖ ፎቶ አነሳ። ዐሥራ አንድ መስመር፣ ልክ በማበጠሪያ እንደተበጠረ። ያን ፎቶ እስከ ዛሬ በቦርሳው ይዞት ይዞራል።

አሁን ጊዜው ጥቅምት 1990 ነው፤ በፈረንጆቹ 1997። አምሃ ዐርባ ዓመት ሞልቶት፣ ዙሪክ ውስጥ የዶክትሬት ጥናቱን እየጨረሰ ነው። ጥናቱ ገበሬው የአፈርና ውሃ ጥበቃን እንዴት እንደሚያየውና እንደሚቀበለው ወይም እንደማይቀበለው የሚመረምር ነው። ሥራውን የሚረዱት ለጋሾች ዐርብ ጠዋት ጄኔቫ ላይ ይሰበሰባሉ። ከስብሰባው የሚጠበቀው አንድ ውሳኔ ነው፤ የሸክላ በር ሁለተኛ ዙር ይቀጥል ወይስ ይዘጋ። ሁለተኛው ዙር ማለት ደግሞ ክትር፣ የጎርፍ ማገቻ የድንጋይ ግድብ ነው። ከመንደሩ በታች ያለው ቦረቦር በየክረምቱ የግጦሹን መሬት እየጎመደ፣ አሁን ወደ ቤቶቹ ተጠግቷል። ክትር ካልተሠራለት ማን ያቆመዋል?

ውሳኔው የሚንጠለጠለው በሠንጠረዥ ዐሥራ አራት ላይ ነው። ገበሬው የተሠራለትን የሚያፈርስ ከሆነ ክትሩንም ያፈርሰዋል፤ የለጋሾቹ አነጋገር ይህ ነበር። አምሃ ቁጥሩ በገዛ እጁ ሥራ ላይ እንደፈረደ ያውቃል። ግን አልሸሸገውም። «ያየሁትን ካልጻፍኩ ምን ልባል ነው?» ብሎ ጽፎታል።

*

ዘከሪያ የጄኔቫው ባቡር ጣቢያ ኮርናቫን ድረስ መጥቶ ጠበቀው። ድሮ ሸክላ በር ላይ የፕሮጀክቱን ላንድሮቨር ይነዳ የነበረ ነው፤ ዛሬ ጄኔቫ ውስጥ የአንድ ኤምባሲ ሾፌር ሆኗል።

«መጣህ፣ የድንጋይ ዶክተር!» አለ ሻንጣውን እየነጠቀው። «ይሄ ምንድነው የሚከብደው? አንዱን ካብ ነቅለህ አመጣኸው እንዴ?»

«ስላይድና ወረቀት ነው። ደግሞ ገና ዶክተር አልሆንኩም።»

«ያው ነው። ዐርብ ትሆናለህ።»

«ዐርብማ ቀብር ነው» አለ አምሃ።

ዘከሪያ የሚኖረው ቬርኒየ በሚባል የከተማው ዳርቻ፣ ሌ ሊኞን በተባለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሕንፃው አንድ ሆኖ ከኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እንደ እባብ ተጥመልምሎ ከሮን ወንዝ በላይ ተኝቷል። አውቶቡሱ በሥሩ ሲያልፍ ዘከሪያ ሁልጊዜ የሚቀልዳትን ቀለደ፤ «ይሄን እርከን ያወጣው ሰውዬ የውሃ ልክ አልነበረውም።»

ባለቤቱ ሰዓዳ በዚያ ሰዓት ቤት ነበረች። የምትሠራው አንድ ዲፕሎማት ቤት ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት ዕረፍቷ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሸክላ በር ልጅ ናት። ዘከሪያ ላንድሮቨር እየነዳ የወጣበትን ተራራ ያልረሳው በእሷ ምክንያት ነው። በኋላ ተመልሶ ሽማግሌ ልኮ ነው ያገባት። አምሃ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቤታቸው ቢያንስ ዐሥር ጊዜ በልቷል። ስለ እርከን ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ለምን ቢባል የሚሰጠው መልስ ይኖረው ነበር፤ ናሙናው ውስጥ የለችም።

ምሳ ተበልቶ ጠረጴዛው ሲነሳ አምሃ ለዐርብ የሚያሳያቸውን ፎቶዎች አውጥቶ በረድፍ ደረደራቸው። በግራ የ1976ቱን፣ በቀኝ የ1988ቱን። ሁለቱም ከአንድ ጉብታ፣ በአንድ አቅጣጫ የተነሱ ናቸው። በሁለተኛው ፎቶ ላይ የድሮዎቹ ችካሎች የነበሩበትን ቦታ በነጭ ቀለም ነቁጦ፣ በየነቁጡ ካብ መኖር አለመኖሩን ምልክት አድርጎበታል። ሁለት አለ፣ ዘጠኝ የለም።

ሰዓዳ ሻይ ልታስቀምጥ መጥታ ቆመች። ትሪውን እንደያዘች ወደ ፎቶው ጎንበስ አለች።

«ውይ! ይሄ የተሰነጠቀው ቋጥኝ አይደለም? ዘኪ፣ ና እይ! የአባዬ ማሳ እኮ ነው!»

«የሁሉም ሰው ማሳ አለበት» አለ ዘከሪያ ከሶፋው ሳይነሳ። «እኔም ላንድሮቨሬ ጭቃ ውስጥ የገባችበት ቦታ አለበት። ጋሽ አምሃን አስገፍቼው ነበር።»

«ካቡ ስንት ጊዜ ወርዷል ማለት ነው? አንዴ፣ ሁለቴ...» ጣቷን በፎቶው ላይ እያወረደች ቆጠረች። «ሁለቴ! እኔ ሳለሁ አንዴ ነበር። ከሄድኩ በኋላ ደግመውታል፣ ማሻአላህ።»

አምሃ ስኒውን ሳያነሳ ቀና አለ። «ምኑ ነው የወረደው?»

«ካቡ።»

«ካቡማ ፈርሷል፣ ሰዓዳ። ይኸው ነጩ ነቁጥ ላይ ምንም የለም።»

«ነቁጡ ላይማ ምን ያደርጋል? ወርዷላ። ይኸው እዚህ ነው ያለው።» ከነቁጡ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ቀጭን፣ ግራጫ መስመር ላይ ጣቷን አኖረች። አምሃ የማሳ ድንበር ነው ብሎ ያለፈው መስመር ነበር።

አምሃ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። ድንበር ቢሆን ከላይ ወደ ታች መውረድ ነበረበት፤ ይህ ግን ተራራውን አግድም ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛውን አየ። ሦስተኛውን አየ። ሁሉም አግድም ናቸው፤ ሁሉም ከነቁጡ በታች ናቸው።

«ለምንድነው የሚወርደው?» አለ። ድምፁ የመርማሪ ሳይሆን የተማሪ ሆነበት።

ሰዓዳ ሳቀችበት። «ጋሽ አምሃ ደግሞ! እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያስካባችሁት? አታውቅም?» ከዚያ ፊቱን አይታ መሳቋን ተወች። «ቆይ፣ ላሳይህ።»

ከኩሽና ኩስኩስና ተምር አመጣች። ኩስኩሱን ትሪው ላይ አፍስሳ ደለደለችው፤ ተምሮቹን በመሐል አግድም ደረደረች፤ የትሪውን አንድ ጎን በመጽሐፍ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ጠርዙን በጣቷ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገች። ኩስኩሱ እየተንሸራተተ ወርዶ ከተምሮቹ ኋላ ተከማቸ። ከላይ የትሪው ብረት ብልጭ ብሎ ታየ።

«ይሄ ዝናቡ ነው» አለች። «አየኸው አፈሩ የት እንደተኛ? ስድስት ሰባት ክረምት ሲያልፍ ካቡ ጢም ይላል። ከዚያ ወዲያ አይዝም፤ ውሃው በላዩ ይዘላል። ከካቡ ኋላ የተኛው አፈር ግን ማር ነው። ታዲያ ገበሬ ማር አስተኝቶ ያያል?» ተምሮቹን አንድ በአንድ አንስታ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋ ደረደረቻቸው። የተከማቸውን ኩስኩስ በመዳፏ ደለደለችው፤ በሰፊው ተዘረጋ። «ድንጋዩን ያነሳሉ፣ ያን አፈር ያርሱታል፣ ድንጋዩን ከታች መልሰው ይክቡታል። ስምንት እርምጃ በታች፤ አባዬ በእርምጃ ነው የሚለኩት። ያን ዓመት ማሽላው ሰው ይደብቃል።»

 አምሃ ትሪው ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ተዳፋቱን በዓይኑ ለካው፤ ከመቶ ሃያ ያህል ይሆናል። የሸክላ በርም እንደዚያው ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለ በመጨረሻ። «በየዓመቱ እመጣ አልነበር?»

«ለማን ይነገራል?» አለች ሰዓዳ። «ያኔ ካብ የነካ ስንዴው ይቀርበት የለ? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዝርዝር ይይዛል። አባዬ ያነሱ ጊዜ እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ምንጩ ጋ ያስቀምጡኛል። ያ ቀይና ነጭ ዘንግ የያዘው ሰውዬ በመንገዱ ብቅ ካለ ጀሪካኑን ደፍቼ እንደ ከበሮ እመታለሁ። እነሱ ድንጋዩን ትተው አረም የሚያርሙ ይመስላሉ።»

አምሃ ፊቱ ቀላ። «ጀሪካን!»

«ምነው?»

«ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። 'የዚህ መንደር ልጆች ጀሪካን እየመቱ መጫወት ይወዳሉ' ብዬ። ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፌዋለሁ!»

ዘከሪያ ከሶፋው ወደቀ ማለት ይቻላል። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! ዘንግ ይዘህ ስትመጣ አገር ምድሩ ይዘፍንልሃል፣ አንተ ደግሞ ሰዓቱን ትመዘግባለህ!»

ሰዓዳ በሻርፕዋ አፏን ሸፈነች። «አንተ ነበርክ እንዴ ሰውዬው? ወላሂ አላወቅሁህም። ከሩቅ የሚታየኝ ዘንጉ ብቻ ነበር።»

አምሃም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። መጠይቁ ትዝ አለው። ጥያቄ ሃያ ሦስት፤ «የተሠራልዎት እርከን በቦታው አለ? ሀ) አለ ለ) የለም።» ገበሬው እውነቱን ነው የመለሰው። የለም፣ በቦታው የለም። መጠይቁን የሞሉት አጣሪዎችም እውነቱን ነው የመዘገቡት፤ ከችካሉ ላይ ቆመው አይተዋል፣ ድንጋይ የለም። ሁሉም እውነት ተናግሮ፣ ድምሩ ውሸት ሆነ። ያንን ድምር በገዛ እጁ ጽፎ ለዐርብ ያዘጋጀው እሱ ነው።

«ይህን ጥያቄ ለአባትሽ ባቀርብላቸው 'የለም' ብለው ያቆማሉ?»

«አባዬ የተጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሱት» አለች ሰዓዳ። «በተለይ ወረቀት ለያዘ ሰው።»

*

በማግስቱ ሐሙስ አምሃ በመጀመሪያው ባቡር ወደ ዙሪክ ተመለሰ። ስላይዱን ጄኔቫ ትቶ፣ አንድ ነገር ብቻ ፍለጋ ሄደ። መጠይቆቹ ኢንስቲቲዩቱ ምድር ቤት፣ በአራት ካርቶን ውስጥ ናቸው። በእያንዳንዱ መጠይቅ መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት» የሚል አንድ መስመር አለ። አምሃ ያን መስመር ወደ ኮምፒዩተር አላስገባውም። ቁጥር ስላልሆነ ኮድ አልተሰጠውም፤ ኮድ ያልተሰጠው ነገር ደግሞ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ገደማ ሥራ ጀመረ። «የለም» ያሉትን የአንድ መቶ ሠላሳ አንድ ሰዎች መጠይቅ አንድ በአንድ አወጣ። አራት አጣሪዎች ነበሩት። የሦስቱ መስመሮች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ ወይም ሰረዝ ተሰምሮባቸዋል። አራተኛዋ ታደለች ናት፤ ከደሴ የመጣች፣ ዝምተኛ፣ እግረ ፈጣን ልጅ። የእሷ መስመሮች ሞልተው ጎኑ ላይ ዞረው በወረቀቱ ጀርባ ይቀጥላሉ።

የመጀመሪያውን የታደለችን መጠይቅ ሲያነሳ በኅዳጉ ላይ የገዛ እጁን ጽሑፍ አገኘ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በደማቁ፦ «ያልተጠየቀ አይጻፍ።» የሙከራው ሳምንት የጻፈላት ነበር። በሰው ፊት እንደገሠጻትም ትዝ አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያሉትን አገላበጠ። መጻፍ አልተወችም። ፊደሏን ብቻ አሳንሳዋለች፤ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይነበብ አድርጋ።

አምሃ መነጽሩን አስጠግቶ አነበበ።

«ካቡን አንስተው ከታች ደግመው መካባቸውን ነግረውኛል። ሄጄም አይቻለሁ።»

«አንድ እያለፉ አንስተዋል። መስመሩ ስለተቀራረበ በሬ ማዞሪያ አጥተው ነው። የቀሩትን ግን በየዓመቱ ይጠግናሉ።»

«አይጥ ስለበዛ ጨርሰው አፍርሰዋል። አሁን ይቆጫሉ።»

መጠይቅ ቁጥር ሰማንያ ሰባት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። የተጠያቂው ስም መሐመድሁሴን፤ የሰዓዳ አባት። ጥያቄ ሃያ ሦስት፣ የለም። ከታች በደቃቃ ፊደል፦ «ገበሬው 'ካቡ አለ፣ የቀረው ችካሉ ነው' ብለዋል።»

አምሃ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መልሱ ዓመት ከመንፈቅ እዚህ ካርቶን ውስጥ ነበር። ከቢሮው ወንበር አንድ ፎቅ በታች።

እስከ ቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቆጠረ። ከአንድ መቶ ሠላሳ አንዱ አስተያየት የተጻፈላቸው ኀምሳ ስምንት ናቸው። ዐርባ ሰባቱ የታደለች ናቸው። ዐርባ አንድ ገበሬ ካቡን አውርዷል። ዐሥራ አንዱ አንድ እያለፈ አንስቷል። ጨርሰው ያፈረሱ ስድስት። የቀሩት ሰባ ሦስት ምን እንዳደረጉ ወረቀቱ አይናገርም።

ሰባ ሦስቱ አስጨነቁት። የሚያምር አዲስ ሠንጠረዥ መሥራት ያምረዋል፤ በኀምሳ ስምንቱ መጠን ሰባ ሦስቱን መገመት ይቻላል። ግን አንዴ እንዲያ አድርጎ ነው እዚህ የደረሰው፤ ያልጠየቀውን እንደተመለሰ ቆጥሮ። ተወው።

የማታው ባቡር ውስጥ ለስብሰባው የሚናገረውን ከማዘጋጀቱ በፊት ደብዳቤ ጻፈ። «ለወ/ሪት ታደለች» ብሎ ጀመረ። ባቡሩ በርን ከተማን እስኪያልፍ ድረስ ሦስት መስመር ብቻ ነበር የጻፈው። «በቀይ የጻፍኩብሽን አንብቤዋለሁ። የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ። ስላልሰማሽኝ አመሰግንሻለሁ።» ብዙ ሊጨምር ፈለገና ከዚህ የሚበልጥ እንደሌለው አወቀ።

*

ዐርብ ጠዋት የስብሰባው ክፍል ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢዋ ጠጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ከዙሪክ የመጣው የአምሃ ፕሮፌሰር በጥግ ተቀምጧል። አምሃ ስላገኘው ነገር ለማንም አልነገረም፤ ለፕሮፌሰሩም ጭምር።

«ሪፖርቱን አንብበነዋል» አሉ ሰብሳቢዋ። «ከሠንጠረዥ ዐሥራ አራት እንጀምር።»

«ከመጀመራችን በፊት» አለ አምሃ፣ «ሠንጠረዥ ዐሥራ አራትን እንድትሰርዙልኝ እጠይቃለሁ።»

የወረቀት መገላበጥ ድምፅ ቆመ። አምሃ ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን አሳየ። በሁለተኛው ላይ የወረዱትን መስመሮች በቀይ አስምሮባቸው ነበር፤ ስምንት ናቸው። ሁለቱ በቦታቸው አሉ። ከዐሥራ አንድ የጠፋው አንድ ብቻ ነው። ካቡ ለምን እንደሚወርድ አስረዳ፤ አጣሪዎቹ የት ቆመው እንዳዩ አስረዳ፤ ጥያቄ ሃያ ሦስት የቱ ላይ እንደሳተ አስረዳ። የታደለችን አስተያየቶች አነበበ። የመሐመድሁሴንን ቃል ሲያነብ ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አነሱ።

«ታዲያ ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ሰውዬ ፈገግ አለ። «አራት ዓመት አጥንተው አላውቅም ይላሉ?»

«እስከ ረቡዕ ድረስ አውቅ ነበር» አለ አምሃ። «ያላወቅሁት ከረቡዕ ወዲህ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰውዬው ግን አልለቀቀውም። «ይህን የነገረዎት ማን ነው? በየትኛው ጥናት ታትሟል?»

አምሃ መልሱን ለማሳመር አልሞከረም። «እዚሁ ጄኔቫ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ናት የነገረችኝ። የዚያ ማሳ ባለቤት ልጅ ናት። በኩስኩስና በተምር አሳይታኛለች። እኔ ያን ማሳ በዓይኔ ያየሁት ለዐሥራ አራት ዓመት ነው።»

ፕሮፌሰሩ በዚህ ጊዜ ከጥጉ ተነሳ። አምሃ ያለ እሱ ፈቃድ ሪፖርት መሻሩ ነውና ቁጣ ጠበቀ። ፕሮፌሰሩ ግን ወደ ስላይዱ ተጠግቶ ቀዮቹን መስመሮች በጣቱ ተከተላቸው።

«አባቴ ተራራ ላይ ገበሬ ነበር» አለ፣ በዝግታ። «በየጸደዩ ከማሳው ግርጌ የተጠራቀመውን አፈር በጀርባው ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣው ነበር። እኔም ተሸክሜያለሁ። እዚሁ አገራችን፣ በጀርባችን ተሸክመን። የትኛውም ካርታ ላይ አይታይም። አንድ ሰው መጥቶ 'አፈርህ በቦታው አለ?' ቢለው፣ አባቴ የለም ነበር የሚለው።» ወደ አምሃ ዞረ። «ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። መጠይቁን አጽድቄ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢዋ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ሰዎቻቸውን አዩ። ውሳኔው አጭር ነበር። ሠንጠረዥ ዐሥራ አራት ይወጣል። ሁለተኛው ዙር አይዘጋም፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይቆያል። የክትሩ ድንጋይ መሰብሰብ ይቀጥላል። አምሃ ወደ ሸክላ በር ተመልሶ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም እንደገና ይጠይቃል። «ግን» አሉ ሰብሳቢዋ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ «በዚያው ጥያቄ አይሁን።»

*

ሰዓዳ ከሥራ ስትመለስ ሻትሌን ላይ አውቶቡስ ትቀይራለች። አምሃ እዚያ ፌርማታ ላይ ጠበቃት። ሁለት የገበያ ከረጢት ይዛ ስትወርድ አይታው ደነገጠች።

«ምነው ጋሽ አምሃ? ዘኪ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እኔ ነኝ የመጣሁት፣ ላመሰግንሽ።» ከረጢቶቹን ተቀበላት። «አልዘጉትም። ክትሩ ይሠራል፤ ቢያንስ እስከ ሚያዝያ ሥራው አይቆምም።»

«ክትሩ ሊቀር ነበር?» አለች። ይህን አላወቀችም ነበር። የቦረቦሩ አፍ ከአባቷ ቤት በስተኋላ እንደሆነ ግን ታውቃለች። እጇን ወደ ፊቷ አነሳች። «አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ።» ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ቀልዱ ተመለሰች። «ያን ሁሉ ተምር ዘኪ በላው። ለማስረጃ አስቀምጥ ብዬው ነበር።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አምሃ ደብተሩን አወጣ።

«አንድ ነገር አግዢኝ። ጥያቄ ሃያ ሦስትን መለወጥ አለብኝ። 'ካቡን አውርደዋል?' ብዬ ልጠይቅ?»

«አይ፣ አይ!» አለች። «እንዲያማ ካልክ ሊቀ መንበሩ የላከህ ነው የሚመስላቸው። አባዬ 'ኧረ እኔ አልነካሁም' ይሉሃል።»

«ታዲያ አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትጠይቂያቸዋለሽ?»

ሰዓዳ አሰበች። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ የእሷ ነበር፣ ግን አልተነሳችም።

«'ካብዎ ዛሬ የት ነው ያለው?' እላቸዋለሁ» አለች። «በቃ። ከዚያ አፋቸውን አትጠብቅ። እጅህን ይዘው ይወስዱሃል። ተከትለሃቸው ሂድ። ዘንጉን ግን ቤት ተወው።»

አምሃ እንዳለችው ጻፈው። ቃል አልቀነሰም፣ ቃል አልጨመረም። ከዚያ እንደ ልማዱ ከሥሩ «ሀ» እና «ለ» ሊጽፍ ብዕሩን አወረደ፣ እና አነሳው። በምትኩ ባዶ መስመር ማስመር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ገጹ እስኪያልቅ አሰመረ።

«ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» አለች ሰዓዳ።

«ታደለች የምትባል ልጅ አለች» አለ አምሃ። «ፊደሏን አሳንሳ እንድትጽፍ አድርጌያት ነበር። አሁን እንደ ልቧ ትጻፍ።»

የሚቀጥለው አውቶቡስ መጣ። ከረጢቶቹን ይዞ ከኋላዋ ወጣ። ሰዓዳ መስኮት ሥር ተቀምጣ አንድ ነገር ትዝ ብሏት ሳቀች።

«እሑድ ለአባዬ ደብዳቤ እልካለሁ» አለች። «'ያ ዘንግ የያዘው ሰውዬ ሊመጣ ነው፤ አትደበቁት፣ ቡና አጠጡት' እላቸዋለሁ።»

«ጀሪካኑስ?»

«ጀሪካኑን ይመቱልሃል» አለች ሰዓዳ። «ለእንግዳም እኮ ይመታል።»